ከ28,295 ዶላሩ ስንቱ ስጦታ ነው? የኮሌጅ ክፍያ ድጋፍና ወርክ ስተዲ፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች መልስ

አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን ኮሌጅ የሚያስገቡ ቤተሰቦች የላኩልን ጥያቄ በዝቷል። ከመካከላቸው ብዙዎችን የሚመለከቱትን መርጠን እዚህ መልሰናል። ደንቦቹ የ2026–27 የትምህርት ዘመን ናቸው። «ፋፍሳ» የምንለው ለፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ የሚሞላውን ነፃ ማመልከቻ ነው።

«ልጄን ከተቀበለው ኮሌጅ የመጣው ደብዳቤ ‹ጠቅላላ ድጋፍ 28,295 ዶላር› ይላል። የዓመቱ ወጪ 34,000 ስለተባለ የሚጎድለን 5,705 ብቻ ነው ብለን ደስ ብሎን ነበር። ቢሉ ሲመጣ ግን ወርክ ስተዲ የተባለው 2,400 ዶላር አልተቀነሰም። ወሰዱብን ወይስ ተሳስተው ነው?» እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

አልወሰዱብዎትም፣ አልተሳሳቱምም። ወርክ ስተዲ ልጅዎ ተቀጥሮ እስከ 2,400 ዶላር ድረስ ሠርቶ እንዲያገኝ የተሰጠው ዕድል ነው። ከሠራ በደሞዝ መልክ በእጁ ይገባል፤ ካልሠራ ምንም አይመጣም። ቢሉ ላይ የማይታየው ለዚህ ነው። ስጦታን፣ ብድርንና ገና ያልተሠራ ደሞዝን ደምሮ «ጠቅላላ ድጋፍ» ብሎ መጻፍ ግን ቤተሰብን የሚያሳስት አሠራር ነው፤ ቢቀር እንወዳለን።

የላኩልንን ዝርዝር በሦስት ከፍለን እንየው። የማይመለሰው፦ ፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥት ስጦታ) 7,395፣ የስቴት ግራንት 4,000፣ የኮሌጁ የራሱ ግራንት 9,000፤ ድምሩ 20,395 ዶላር። የሚመለሰው፦ ሰብሲዳይዝድ ብድር 3,500 እና አንሰብሲዳይዝድ ብድር 2,000፤ ድምሩ 5,500። ተሠርቶ የሚገኘው፦ 2,400።

ወጪውም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። ከ34,000ው ውስጥ ትምህርትና ተጓዳኝ ክፍያዎች 17,000፣ ዶርምና ምግብ ደግሞ 13,000 ናቸው። እነዚህን 30,000 ዶላር ኮሌጁ ራሱ ያስከፍላል። ቀሪው 4,000 ለመጻሕፍት፣ ለትራንስፖርትና ለኪስ ወጪ የተያዘ ግምት ስለሆነ ቢል ሆኖ አይመጣም።

አሁን ይቀንሱ። ከ30,000 ላይ 20,395 ሲነሳ 9,605 ይቀራል። ልጅዎ ሁለቱንም ብድር ከወሰደ 4,105፣ በሴሚስተር 2,052 ዶላር ከ50 ሳንቲም። በጊዜው ከቤት መውጣት ያለበት ገንዘብ ይህ ነው። የወርክ ስተዲው ደሞዝ የሚያግዘው ያንን የመጻሕፍትና የኪስ 4,000 ነው። ከብድሩ ላይ 1 በመቶ ገደማ የአገልግሎት ክፍያ ተቆርጦ ስለሚገባ ሂሳቡ በጥቂት አሥር ዶላሮች ቢለይ አይደንግጡ።

ብድሮቹ በልጅዎ ስም እንጂ በእርስዎ ስም አይደሉም። ሰብሲዳይዝድ የተባለውን ቢያንስ በግማሽ ጊዜ እስከተማረ ድረስ መንግሥት ወለዱን ይከፍልለታል። የአንሰብሲዳይዝዱ ወለድ ግን ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን መተው፣ ወይም ከሁለተኛው ግማሹን ብቻ መቀበል ይችላል። «እቀበላለሁ» ማለቱ ብቻ ደግሞ አይበቃም። ስተደንት ኤይድ ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የብድር ውሉን መፈረምና ለአዲስ ተበዳሪዎች የተዘጋጀውን አጭር ትምህርት መጨረስ አለበት። ኦገስት ላይ «ብድሩ አልገባም» ተብሎ ቤት የሚታወከው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስለሚረሳ ነው።

4,105 ዶላሩን ከመክፈልዎ በፊት ቢሉን መስመር በመስመር ያንብቡት። ብዙ ኮሌጆች የተማሪ የጤና ኢንሹራንስ ሳይጠይቁ ያስገባሉ፤ በዓመት ከ2,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ልጅዎ በእናንተ ኢንሹራንስ ወይም ሜዲኬይድ በተባለው የመንግሥት የጤና ሽፋን ከተሸፈነ «ዌይቨር» የሚባለውን ፎርም በተቆረጠው ቀን ውስጥ ሞልቶ ያሰርዘው። ቀኑ ካለፈ ብዙ ጊዜ የዚያ ሴሚስተር ክፍያ ይጸናል። ከዚያ በኋላ የተረፈውን በየወሩ ከፋፍሎ መክፈያ ፕላን ይጠይቁ። ፔረንት ፕላስ የሚባለውን የወላጅ ብድር የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ጣሪያ ተበጅቶለታል። አመልክተው በክሬዲት ታሪክዎ ምክንያት ከተከለከሉም ለኮሌጁ ያሳውቁ፤ ልጅዎ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ እስከ 4,000 ዶላር ተጨማሪ አንሰብሲዳይዝድ ብድር በራሱ ስም ሊፈቀድለት ይችላል።

«ወርክ ስተዲ ተሰጥቶኛል፤ ግን ማንም ሥራ አልመደበኝም። ስንት ሰዓት ልሥራ? የማገኘው ደሞዝስ የሚቀጥለውን ዓመት ድጋፍ አይቀንስብኝም?» ተማሪ፣ ከሚኒያፖሊስ

አብዛኞቹ ኮሌጆች አይመድቡም፤ ሥራውን የምትፈልገው አንተው ነህ። ክፍት ቦታዎች በኮሌጁ የተማሪ ሥራ ገጽ ላይ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ ሃንድሼክ የተባለውን የሥራ ማግኛ ድረ ገጽ ይጠቀማሉ። ቤተ መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር እርዳታ ዴስክ፣ ላብራቶሪ፣ የመግቢያ ቢሮ፣ እንዲሁም ከግቢ ውጭ ሕፃናትን ማስጠናት የተለመዱት ናቸው። ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማመልከት ጀምር። እያጠናህ የምትሠራባቸው ጸጥ ያሉ ዴስኮች በመጀመሪያው ሳምንት ያልቃሉ።

ብዙ ተማሪ የሚደናቀፈው በወረቀት ነው። ማንኛውም ቀጣሪ አይ-ናይን የሚባለውን የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ማስሞላት ስላለበት ዋናውን ሰነድ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ብቻውን ይበቃል። ካልሆነ የስቴት መታወቂያና ገደብ ያልተጻፈበት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ሁለቱንም ያዝ። ፎቶ ኮፒና ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይሠራም። ዋናው እናትህ ሳጥን ውስጥ ከቀረ፣ በፖስታ እስኪመጣ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

ሰዓቱን ከመጀመሪያው አስላ። 2,400 ዶላር ተሰጥቶህ በሰዓት 15 ዶላር ብትከፈል 160 ሰዓት ነው። ሁለቱ ሴሚስተሮች ወደ 30 ሳምንት ስለሚሆኑ በሳምንት አምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይደርስሃል። በሳምንት 10 ሰዓት ብትሠራ በ16ኛው ሳምንት፣ ማለትም ሁለተኛው ሴሚስተር ገና ሲጀመር ያልቃል። ሲያልቅ አንዳንድ ክፍሎች ከራሳቸው በጀት ያስቀጥላሉ፣ ሌሎቹ ያሰናብታሉ፤ ስትቀጠር ጠይቅ። በተቃራኒው ያልሠራህበት ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። የሰዓት ክፍያው ከፌዴራሉ 7.25 ዶላር አይወርድም፣ የስቴትህ ዝቅተኛ ደሞዝ ከበለጠ ደግሞ እሱ ይጸናል። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ሊከፈልህ ይገባል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ፦ የወርክ ስተዲ ደሞዝ ከሌላ ሥራ ደሞዝ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። ታክስ የሚታሰብበት ገቢ ቢሆንም ፋፍሳ ሲሰላ ከገቢህ ላይ ይነሳል። ደብሊው-ቱ በሚባለው የዓመቱ የደሞዝ መግለጫ ላይ ግን ተለይቶ ስለማይጻፍ የደሞዝ ወረቀቶችህን አስቀምጥ፤ ፎርሙ ሲጠይቅህ ከወርክ ስተዲ ያገኘኸውን ለይተህ ታስገባለህ። ይህን ካላደረግህ ጥቅሙ ይቀርብሃል።

ሌላው ከልብ የምንመክርህ ነገር፣ ቤት ለመርዳት ብለህ ሌላ ሥራ ደርበህ ክፍለ ጊዜ (ኮርስ) አትጣል። ፔል ግራንት በክሬዲት ልክ ነው የሚከፈለው፦ 12 ክሬዲት ሙሉ፣ 9 ክሬዲት 75 በመቶ። ሙሉ ፔል ለሚያገኝ ተማሪ በሴሚስተር ከ3,697 ዶላር ወደ 2,773 ይወርዳል ማለት ነው፤ የኮሌጁ ግራንት ደግሞ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ብቻ ሊሆን ይችላል። በብዙ ኮሌጆች አማካይ ውጤትህ ከ2.0 ከወረደ፣ ወይም ከተመዘገብህባቸው ክሬዲቶች ሁለት ሦስተኛውን ካላለፍህ የፌዴራል ድጋፉ ሁሉ ይቋረጣል። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ፣ በ15 ሳምንት ትምህርት ከዘጠነኛው ሳምንት በፊት ማለት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ካቋረጥህ ከተሰጠህ ገንዘብ ከፊሉ ወደ መንግሥት ይመለሳል። ኮሌጁም ያንን ካንተ ይጠይቃል። ክፍለ ጊዜ ከመጣልህ በፊት በዚያው ቀን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄደህ «ይህን ብጥል ስንት እከስራለሁ?» ብለህ ጠይቅ።

«ኡበር ነው የምነዳው። ባለቤቴ ሶሻል ሴኩሪቲ የላትም፤ ታክስ ግን አብረን እናሠራለን። አዲስ አበባ በስሜ አንድ ቤት አለ፤ ለእናቴም በየወሩ እልካለሁ። ፎርሙን የሚሞላው ልጄ ነው። የት ላይ እንሳሳታለን?» አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

ጥያቄዎ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ከስም እንጀምር። በእኛ ልማድ የልጅ፣ የአባትና የእናት የመጨረሻ ስም ይለያያል፤ ለፋፍሳ ይህ ችግር አይደለም። ችግሩ አንድ ሰው በሁለት አጻጻፍ ሲገኝ ነው። የአያት ስም አንዱ ሰነድ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከቀረ፣ አንድ ፊደል ከተለየ፣ ወይም የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ ሲስተሙ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ማመሳከር ያቅተዋል። ካርዱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይጻፉ። ካርዱ ራሱ ከተሳሳተ መጀመሪያ የሚታረመው እሱ ነው።

ልጅዎ ስተደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ላይ የራሱ አካውንት ያስፈልገዋል፣ እርስዎም የራስዎ። ሁለቱ በአንድ ኢሜይል ወይም በአንድ ስልክ ቁጥር አይከፈቱም። ታክሱን ከባለቤትዎ ጋር በአንድ ላይ ስላስገቡ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብቻ መግባታችሁ ይበቃል፤ እርስዎ ይሁኑ። ለየብቻ ያስገቡ ባልና ሚስት ግን ሁለቱም ይገባሉ፤ ሶሻል ሴኩሪቲ የሌላት ወላጅም ቁጥሩን ሳትሞላ አካውንት መክፈት ትችላለች፤ የሌላ ሰው ቁጥር በፍጹም አይገባም። የወላጅ የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት የልጁን መብት አይነካም። ልጅዎ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቢያግዝዎ ጥሩ ነው፤ ፈቃዱንና ፊርማውን ግን በእርስዎ ቦታ መስጠት አይችልም። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ.አር.ኤስ የ2024 የታክስ መረጃዎን እንዲልክ የሚጠይቀውን ስምምነት እምቢ ካሉ፣ ሌላው ሁሉ ቢሞላ እንኳ ልጅዎ የፌዴራል ድጋፍ አያገኝም።

ኡበር ስለሚነዱ ታክስዎ ላይ ስኬጁል ሲ የሚባለው የግል ሥራ ገቢና ወጪ ቅጽ አለ። የሚቆጠረው ከደንበኛ የተቀበሉት ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን ከነዳጅና ከጥገና ወጪ፣ ወይም በእሱ ፈንታ በማይል ከሚታሰበው ተቀናሽ በኋላ የቀረው ነው። ታክሱን ሲያሠሩ ወጪዎን በደረሰኝ ማስያዝ የኮሌጅ ድጋፍም ጉዳይ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ሁለት ወላጆች ያሉበት የ4 ሰው ቤተሰብ የ2024 የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢው ከ54,600 ዶላር ካልበለጠ ልጁ ሙሉ ፔል ያገኛል፤ ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ወላጅ ከሆነች ደግሞ 70,200 ድረስ።

ቤቱ ላይ እንነጋገር። አሜሪካ የምትኖሩበት ቤት በፋፍሳ አይቆጠርም። አዲስ አበባ ያለው ግን የምትኖሩበት ስላልሆነ እንደ ሀብት ይቆጠራል፤ ውጭ አገር መሆኑ አያስቀረውም። ዋጋው ወደ ዶላር ተመንዝሮ፣ ዕዳ ካለበት ተቀንሶ ይጻፋል። በእርስዎ ስም ያልሆነ የቤተሰብ ቤት አይገባም። ደስ የሚለው፣ ልጁ በገቢ መጠን ሙሉ ፔል ከደረሰው፣ ወይም ቤተሰቡ እንደ ስናፕ (የምግብ ድጋፍ) እና ሜዲኬይድ ያለ እርዳታ ከተቀበለ የሀብት ጥያቄው ስሌት ውስጥ አይገባም። ቢገባም ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ሀብት ወደ ስሌቱ የሚሄደው 6 ዶላር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ሲባል ቤቱን መደበቅ ትርፉ ለልጁ አደጋ ነው፤ እውነቱን ይጻፉ። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ሲ.ኤስ.ኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ፎርም ይጠይቃሉ፤ እዚያ ላይ የምትኖሩበት ቤትም ይጠየቃል።

ለእናትዎ የሚልኩት ገንዘብ በፋፍሳ አይቀነስም። እናትዎም አብረዋችሁ ስለማይኖሩ በቤተሰብ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ይህ ያሳዝነናል፤ ብዙ ቤት በእውነት የማይቀር ወጪ ነውና። ማድረግ የሚችሉት፣ የላኩበትን ደረሰኝ የ12 ወር ሰብስበው ለኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሁኔታውን በጽሑፍ ማስረዳት ነው። በተለይ ለሕክምና የተላከ ከሆነ የሆስፒታሉን ወረቀት አስተርጉመው ያያይዙ። መቀበል አለመቀበል የቢሮው ውሳኔ ነው።

«በስደተኛነት የመጣሁት ከአክስቴ ጋር ነው፤ 18 ዓመቴ ነው። እናቴ ኢትዮጵያ ናት፤ አባቴ አርፏል። የማንን ገቢ ልሙላ?» ተማሪ፣ ከሲያትል

የአክስትሽን አትሙዪ። ያሳደገችሽ እሷ ብትሆንም በፋፍሳ ወላጅ የሚባለው የወለደ፣ በሕግ በጉዲፈቻ ያሳደገ ወይም ከወላጅ ጋር የተጋባ እንጀራ ወላጅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ግን ወረቀትሽን ፈትሺ፦ ፍርድ ቤት አክስትሽን ሕጋዊ አሳዳጊ አድርጎ ሾሞ ከሆነ አንቺ ራስሽን የቻልሽ ተማሪ ተብለሽ ትቆጠሪያለሽ፤ የማንም ወላጅ ገቢ አያስፈልግም። ትእዛዙን ኮፒ አድርገሽ ያዢ። ለትምህርት ቤት ምዝገባ ብቻ የተጻፈ የውክልና ደብዳቤ ግን ለዚህ አይሆንም።

ሹመቱ ከሌለና ከእናትሽ ጋር የምትገናኙ ከሆነ እናትሽ ካለችበት ሆና ያለ ሶሻል ሴኩሪቲ አካውንት ትከፍታለች። የአሜሪካ ታክስ ስለማታስገባ ገቢዋ በእጅ ይሞላል፤ ብሩ ፎርሙ በሚሞላበት ቀን አቅራቢያ ባለው ምንዛሪ ወደ ዶላር ይለወጣል። ምንዛሪውን ያየሽበትን ገጽና ቀኑን አትመሽ አስቀምጪ፤ ኮሌጁ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል።

እናትሽን ማግኘት ካልቻልሽ፣ ወይም መገናኘቱ ለአንቺም ሆነ ለእሷ አደጋ ካለው፣ ፎርሙ ስለ ልዩ ሁኔታ ሲጠይቅሽ «አዎ» በዪ። ያለ ወላጅ ገቢ ፎርሙን ጨርሰሽ ትልኪያለሽ፤ ድጋፉ ግን ኮሌጁ እስኪያረጋግጥ ጊዜያዊ ግምት ነው። እሱን ሳትጠብቂ ቢሮውን ደውለሽ ምን ሰነድ እንደሚፈልጉ ጠይቂ። የትምህርት ቤት አማካሪ፣ ያመጣሽ የስደተኞች ድርጅት ሠራተኛ ወይም ሁኔታሽን የሚያውቁ የሃይማኖት አባት የሚጽፉት፣ ከመቼ ጀምሮ ለምን እንደተለያያችሁ የሚናገር ደብዳቤ ክብደት አለው። በስደተኛነት የገባሽበትን አይ-94 የተባለ የመግቢያ ሰነድ ጭምር አያይዢ። አንዴ ከጸደቀልሽ እዚያው ኮሌጅ ሁኔታሽ እስካልተለወጠ ድረስ በየዓመቱ እንደ አዲስ አትጠየቂም። እናትሽ ለመሙላት ፈቃደኛ አለመሆኗ ብቻ ግን ልዩ ሁኔታ አይባልም።

ስደተኛ፣ ጥገኝነት የተፈቀደለትና ግሪን ካርድ ያለው የፌዴራል ድጋፍ ያገኛል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው፣ ቲ.ፒ.ኤስ (ለአንዳንድ አገሮች ዜጎች የሚሰጥ ጊዜያዊ ከለላ) ወይም ዳካ (በልጅነታቸው ለመጡ የሚሰጥ ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለው አያገኝም። እንዲህ ላሉ ተማሪዎች ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው የስቴት ማመልከቻ አላቸው፤ የማመልከቻውን ስም የትምህርት ቤታችሁን አማካሪ ጠይቁ።

«ፎርሙ የ2024ን ገቢ ይጠይቃል። እኔ ግን በ2025 ከሥራ ተቀነስኩ። የዛሬውን ብጽፍ አይሻልም?» አባት፣ ከዳላስ

አይሻልም። ፋፍሳውን በ2024ቱ ቁጥር እንዳለ ይላኩ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ኮሌጅ ጋ ለየብቻ «የልዩ ሁኔታ» ማመልከቻ ያስገቡ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፦ ከሥራ የወጡበት ቀን፣ በፊት በዓመት ያገኙ የነበረው፣ በዚህ ዓመት የሚጠብቁት ገቢ፣ ልዩነቱ በቁጥር። የስንብት ደብዳቤውን፣ የመጨረሻውን የደሞዝ ወረቀትና የሥራ አጥነት ክፍያ መግለጫውን ያያይዙ። ያልተሸፈነ የሕክምና ወጪ፣ ፍቺ፣ የትዳር ጓደኛ ሞት፣ የሥራ ሰዓት መቀነስም በዚህ መንገድ ይታያሉ። ኮሌጆች እያንዳንዱን ጥያቄ ማየት በሕግ ይገደዳሉ፤ ውሳኔያቸው ግን የመጨረሻ ነው፣ ለመንግሥት ይግባኝ አይባልበትም። አነጋገርዎን በትሕትና፣ ሰነድዎን በዝርዝር ያድርጉ።

«ፎርሙን በ300 ዶላር ልሙላላችሁ የሚል ሰው አለ፤ የልጄን የይለፍ ቃል ጠየቀን። ደግሞስ እስከ መቼ መሙላት ይቻላል?» እናት፣ ከሎስ አንጀለስ

አይስጡት። ፋፍሳ በነፃ ነው የሚሞላው፤ የይለፍ ቃሉም ሕጋዊ ፊርማ ነው። ያ ሰው በልጅዎ ስም ብድር ሊጠይቅ ይችላል። አስቀድማችሁ ሰጥታችሁት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት፤ አካውንቱ ላይ የተመዘገበው ኢሜይልና ስልክም የልጅዎ መሆኑን አረጋግጡ።

የሚቀጥለው ዓመት ፎርም በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ለ2026–27 የፌዴራሉ የመጨረሻ ቀን ጁን 30፣ 2027 ነው፤ ግን እሱን የሚጠብቅ ብዙ ያጣል። ካሊፎርኒያ የስቴት ግራንቷን የምትዘጋው በደንቡ ማርች 2 ነው። ወርክ ስተዲና የኮሌጆቹ የራሳቸው ግራንትም ለእያንዳንዱ ኮሌጅ በተመደበ ውስን ገንዘብ ስለሚሰጡ ቀድሞ የሞላ ያገኛል። ከላኩ በኋላ የልጁን ኢሜይል በየሳምንቱ እዩ፤ «ቬሪፊኬሽን» የሚል ከመጣ ኮሌጁ ሰነድ እየጠየቀ ነው፤ እስክትልኩ ድረስ ገንዘቡ አይለቀቅም።